የጃፓኑ አውሬ እንዴት ከጥፋት ዳነ?

የክረምቱ ዝናብ ገና ባላባራበት በአንድ እሑድ ቀን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሆለታ ሄጄ ነበር። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ስትሆን፥ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ ዋና ከተማችንን እንደ መቀነት ከከበቡት ከተሞች አንዷ ናት። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህች ከተማ ስሟ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች መምህርነት የተከፈተው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የገብስና የድንች፣ የወተት ላምና የንብ ጥናት የሚካሄድበት የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው። እኔ የሄድሁት ለሁለቱም አልነበረም። ነገር ግን ከሆለታ ይዤው የተመለስሁት አሳብ ከሁለቱም ጋራ የሚገናኝ ሆኖ አገኘሁት።

ዶፉ ሲበረታ ከመንገድ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ከአጠገቤ ሁለት ተማሪዎች አንድ የእጅ ስልክ ከስኳር ዕቃው ጋራ አስደግፈው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ይመለከታሉ። አጮልቄ ባይ በጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ቁመቱ ከሕንፃ የሚበልጥ አንድ አውሬ የባቡር ሐዲድ እየረገጠ፥ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እየገነጠለ ከተማ ያፈርሳል።

«ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጎድዚላ ነው፥ ጋሼ። ያውም የመጀመሪያው፤ አያቶቻችን ልጆች ሳሉ የተሠራው» አለኝ አንደኛው።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ካቦርታቸውን ተከናንበው ሻያቸውን የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር እንደ ነበሩ አቀማመጣቸው ይመሰክራል። ጨዋታችንን ሰምተው ኖሮ፥ «ልጆቼ፥ ይህን የመሰለ የጥንት አውሬ ካገኛችሁ፥ የአበበ ቢቂላን የቶኪዮ ሩጫ ልታገኙልኝ ትችላላችሁ?» አሏቸው። ተማሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ጣቱን አንቀሳቀሰና ስልኩን አቀረበላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። አበበ ብቻውን፥ ፊቱ ሳይከፋ፥ ላቡ ከአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ሲሮጥ ለብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ፥ «ያነሣው የማን ካሜራ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የጃፓኖች ነው፥ አባባ።»

«የኛስ የት አለ?»

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ለሽማግሌው ጥያቄ አቅሜ የፈቀደውን መልስ ለመስጠት ነው፤ መልሱንም የምጀምረው ከዚያው ተማሪዎቹ ይመለከቱት ከነበረው አውሬ ነው።

አውሬው ከየት መጣ?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኛ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. አሜሪካኖች በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሲሞክሩ፥ የቦምቡ አመድ ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ በተባለች አንዲት የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ወረደ። በጀልባይቱ የነበሩት 23 ሰዎች ሁሉ ታመሙ፤ ሰባት ወር ሳይሞላውም አንዱ ሞተ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ በ1937 ዓ.ም. ከተቃጠሉ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበርና የጃፓን ሕዝብ ቁስሉ እንደ ገና አመረቀዘ።

በዚያው ዓመት ቶሆ የተባለው የፊልም ኩባንያ ባልደረባ ቶሞዩኪ ታናካ አንድ አሳብ አፈለቀ። ይኸውም፥ ከባሕር በታች ተኝቶ የኖረ ጥንታዊ አውሬ በቦምቡ ፍንዳታ ነቅቶ ቶኪዮን ቢያጠፋትስ? የሚል ነው። ስሙንም ከጎሪላና በጃፓንኛ ኩጂራ ከሚባለው ከዓሣ ነባሪ አጋጥመው ጎጂራ አሉት፤ ፈረንጆቹ በኋላ ጎድዚላ ያሉት እርሱን ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ ሲሆን፥ አውሬውንና የሚፈርሰውን ከተማ በጥበብ የፈጠረው ደግሞ ኤይጂ ጹቡራያ ነበር።

ጹቡራያ በ1925 ዓ.ም. የወጣውን የአሜሪካኖቹን ኪንግ ኮንግ አይቶ ልቡ ተነክቶ ስለ ነበር፥ አውሬውን እንደዚያው በትንንሽ አሻንጉሊት፥ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለየብቻ እያነሣ ሊሠራው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዐይነት ቢሠራ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅ ተረዳ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ሀሩዎ ናካጂማ የተባለውን ተዋናይ 100 ኪሎ ያህል የሚመዝን የጎማ ልብስ አልብሶ፥ በልኩ ተጠንቅቆ በተሠራ ትንሽ ቶኪዮ ውስጥ አስኬደው። ካሜራውንም ከተለመደው አፍጥኖ ስላነሣ ሥዕሉ በሲኒማ ሲታይ እርምጃው ዘገምተኛና ከባድ ሆነ። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የአውሬውን ጩኸት ያገኘው ደግሞ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት የትልቅ ኮንትራባስ ክር በመፈተግ ነው። ፊልሙ ጥቅምት 24 ቀን 1947 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ከ9 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰውም ገብቶ ተመለከተው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች «ይህ የሕፃናት መጫወቻ አይደለምን? የጎማ አውሬን መጠበቅስ ምን ይረባል?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሕዝብ ፍርሃቱን በግልጽ መናገር ባልቻለበት ጊዜ በተረት ይናገረዋል። የኛ አያቶች ስለ ክፉ ዘመን በጅብና በአንበሳ ተረት ያስተምሩን እንደ ነበር ሁሉ፥ ጃፓኖችም የቦምቡን ነገር በዚህ አውሬ አወጉት። በፊልሙ ውስጥ የሆስፒታሉን ወለል የሞሉት ቁስለኞች፣ ከእቅፏ ልጆቿን ይዛ «አሁን ወደ አባታችሁ መሄዳችን ነው» የምትለው ባልቴት፥ በጦርነት ከተማቸው ሲቃጠል ባዩ ሰዎች የተሠሩ ትርኢቶች ናቸው። ስለዚህ ያ ፊልም ቢጠፋ ኖሮ የሚጠፋው አሻንጉሊት ሳይሆን ምስክር ነበር።

ዘሩን የበላ ገበሬ

ሊጠፋም ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በ1948 ዓ.ም. አሜሪካኖች ፊልሙን ሲገዙት ከውስጡ ብዙ ቈርጠው ጣሉና ሬይመንድ በር የተባለ የራሳቸውን ተዋናይ ጨመሩበት። ስለ ቦምቡ የሚናገረው ብዙው ክፍልም በዚህ ዐይነት ቀረ። የቀረው ዓለም ለብዙ ዓመታት ያየው ይህንኑ የተቈረጠውን ነው። ያልተነካው የጃፓን ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም 50 ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው።

ነገር ግን የባሰው ጥፋት በባዕድ እጅ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ የደረሰው ነው። በ1954 ዓ.ም. ቶሆ ጎድዚላን ከኪንግ ኮንግ ጋራ ያጋጠመበትን ባለ ቀለም ፊልም አወጣ። ፊልሙ እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘ። በ1962 ዓ.ም. ኩባንያው ለሕፃናት የዕረፍት ጊዜ አሮጌ ፊልሞችን አሳጥሮ ማሳየት በጀመረ ጊዜ፥ 97 ደቂቃ የነበረውን ይህን ፊልም ወደ 74 ደቂቃ አወረደው። ሲያሳጥርም ቅጂውን ትቶ ዋናውን ኔጋቲቭ ራሱን ቈረጠው። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ፊልም ማየት የፈለገ ሁሉ የጐደለውን ቦታ ከደበዘዘና ከተፋፋቀ ቅጂ እየለቀመ ሊሞላ ተገደደ። የፊልሙ ባለሙያዎች ብዙ ዓመት ከደከሙ በኋላ ሙሉው ፊልም በአዲስ ዲጂታል ዘዴ ታድሶ እንደ ቀድሞው ጠርቶ የታየው በ2008 ዓ.ም. ነው። የ23 ደቂቃ ቍራጭ 46 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ይህን ነገር ለሆለታ ገበሬ ብንነግረው ወዲያው ይገባዋል። የገብስ ገበሬ ክረምቱ ቢከፋበት፥ ጎተራው ቢራቈት፥ ሁሉን ይበላል እንጂ ለዘር ያስቀመጠውን አይነካም። ኔጋቲቭ የፊልም ዘር ነው። በሲኒማ ቤት የሚታየው ቅጂና በስልካችን የሚመጣው ሥዕል ደግሞ ከዘሩ የተገኘ እንጀራ ነው። እንጀራ ቢያልቅ ይጋገራል፤ ዘር ከተበላ ግን የሚመጣው ዓመት የለም። ቶሆ በዚያን ጊዜ ዘሩን የበላ ገበሬ ሆነ።

ጨርሶ ዘራቸው የጠፋም አሉ። በጃፓን አገር ኪንግ ኮንግን በመኮረጅ በ1926 እና በ1930 ዓ.ም. ሁለት ፊልሞች ተሠርተው ነበር። ሁለቱም ዛሬ የሉም። በቶኪዮ በብሔራዊው የፊልም ማዕከል ውስጥም በ1976 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ብዙ የውጭ አገር ፊልሞች ተቃጥለዋል።

ፊልም ተፈጥሮው ደካማ ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ናይትሬት የሚባለው ዐይነት እንደ ባሩድ ቶሎ የሚቀጣጠልና አንድ ጊዜ ከተያያዘ በውሃ የማይጠፋ ነው። እርሱን የተካው አሲቴት ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እንደ ሆምጣጤ እየሸተተ ይሸበሸባል፤ የአንዱም ብልሽት ወደ ጎረቤቱ ይጋባል። ባለ ቀለሙ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን እያጣ ሁሉ ነገር ቀይ ዳማ ይሆናል። ስለዚህ ፊልም ቀዝቃዛና ደረቅ ቤት፥ የሚተነፍስ ዕቃና ዘወትር የሚመረምረው ሰው ይፈልጋል።

ዲጂታል የምንለው ዘዴ ሥራው እንዲህ ነው። ኔጋቲቩ በጥንቃቄ ከታጠበ በኋላ እያንዳንዱ ሥዕል በተራ በብርሃን እየተነበበ ወደ ቍጥር ይለወጣል። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ስለሚያልፍ፥ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ከ129 ሺህ የሚበልጥ ሥዕል አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያው የተጫረውን ይደፍናል፥ የደበዘዘውን ቀለም ይመልሳል፥ የሚንቀጠቀጠውን ያረጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ሕግ አለ፤ ዋናው ኔጋቲቭ አይጣልም። የቍጥር ቅጂ የሚቀመጥበት ዕቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል፥ የሚያነበውም መሣሪያ ይቀየራል። በደንብ የተያዘ ኔጋቲቭ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም በብርሃን ፊት ሲቆም ሥዕሉን ያሳያል። እንግዲህ አንድ ፊልም ኢንተርኔት ላይ ስለ ተገኘ ብቻ «ተጠብቋል» ማለት ስሕተት ነው።

የሁለት ጹቡራያዎች ከተማ

አሁን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ እንሻገር። ከቶኪዮ በስተ ሰሜን በፉኩሺማ አውራጃ ሱካጋዋ የምትባል ከተማ አለች። የአውሬው ፈጣሪ ኤይጂ ጹቡራያ በ1893 ዓ.ም. የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ደግሞም ከዚህችው ከተማ በ1932 ዓ.ም. ኮኪቺ ጹቡራያ የሚባል ሌላ ሰው ተወለደ። የዚህኛውን ፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት አይተውታል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ኮኪቺ ጹቡራያ ከሯጮቹ አንዱ ነበር። የኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ በዓለም አዲስ ክብረ ወሰን ገባ። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው፥ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። ከገባም በኋላ አልወደቀም፤ በሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ከአራት ደቂቃ በኋላ ኮኪቺ ጹቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ሲገባ የአገሩ ሕዝብ በጩኸት ተቀበለው። ነገር ግን በመጨረሻው ዙር እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመውና ሦስተኛ ወጣ።

ይህን ሁሉ በፊልም የመዘገበው ኮን ኢቺካዋ ነው። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ያወጣው የቶኪዮ ኦሊምፒያድ ፊልም ከውጤት ይልቅ የሰውን ፊት፥ እግርና ትንፋሽ የሚያሳይ በመሆኑ «ይህ መዝገብ ነው ወይስ ጥበብ?» እየተባለ በአገሩ ሹማምንት ብዙ ተተችቶበት ነበር። ለአሜሪካኖች በተላከም ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ተቈርጧል። ዛሬ ግን ፊልሙ ታድሶ ሙሉነቱ ተመልሶለታል። በ2010 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ካስጠበቃቸው 53 የኦሊምፒክ ፊልሞች ጋራ በአንድነት ታትሞ ወጥቷል። ሽማግሌው በሆለታ ሻይ ቤት የአበበን ላብ ጠብታ ሊቈጥሩ የቻሉት በዚህ ድካም ነው። የሚገርመውም፥ ይህን ፊልም በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ያከፋፈለው ኩባንያ ያው የጎድዚላው ቶሆ ነው። አውሬውንና ሻምበል አበበን አንድ በር ወደ ሲኒማ አስገባቸው።

ሱካጋዋ በ2003 ዓ.ም. ጃፓንን የመታው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ጐድቷታል። ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. በከተማይቱ አንድ የማኅደር ማዕከል ተከፈተ። በውስጡም በአሮጌዎቹ ፊልሞች የተሠራባቸው ትንንሽ ሕንፃዎች፣ አውሮፕላኖች፣ መርከቦችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ተጠግነው ተቀምጠዋል። ለዚህ ሥራ የተነሣሣው የፊልም አዘጋጁ ሂዴያኪ አኖ ነው። እርሱና ጓደኞቹ በ2009 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው፥ የፊልም ሠራተኞች ሲሞቱና ስቱዲዮዎች ሲዘጉ ወደ ቈሻሻ ሊጣል የነበረውን ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። የጃፓን መንግሥትም በበኩሉ በ2010 ዓ.ም. የፊልም ማዕከሉን ራሱን ወደ ቻለ ብሔራዊ የፊልም ማኅደር አሳደገው። ይህ መሥሪያ ቤት የጥንት የጃፓን ካርቱን ፊልሞችን፣ እንዲሁም በ1915 ዓ.ም. ቶኪዮን ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሳዩ ፊልሞችን በኢንተርኔት በነጻ ከፍቶ ያሳያል። ተማሪው ከቤቱ ሆኖ ሊያያቸው ይችላል። ዘሩ በጎተራ፥ እንጀራው በገበታ ማለት ይህ ነው።

ከጃፓን መማር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስታውቀዋል። በዚያን ጊዜ ምሁራኖቻችን ከጃፓን ሊማሩ የፈለጉት ፋብሪካና ሕገ መንግሥት ነበር። ዛሬ ደግሞ ዕቃ አለመጣልን ብንማር አያሳፍረንም።

የኛስ የት አለ?

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር፥ ከዚሁ ከሆለታ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ከሌሎች አርበኞች ጋራ ሆነው ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር ተዋግተዋል። የዚያን ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዛሬ በብዛት የምናገኘው ግን ከወራሪው እጅ ነው። ሉቼ የተባለው የኢጣልያ የፊልም ድርጅት ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋራ አሰልፎ ብዙ ፊልም አነሣ። ዛሬም ማኅደሩ በኢንተርኔት ተከፍቶ ለማንም ይታያል፤ የዜና ፊልሞቹም በ2005 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ገብተዋል። ከኛ ወገን ሆነው ያነሡ ሁለት የሶቪየት ካሜራ ሠራተኞች ባይኖሩ ኖሮ የተዋጊዎቻችንን ፊት የምናየው ይበልጡን ሊያጠፋቸው በመጣው ሰው ዐይን በሆነ ነበር። እንግዲህ ፊልሙን የጠበቀ ሁሉ ታሪኩን በራሱ አፍ የመናገር ዕድል አለው። ያልጠበቀው ግን ሌላው ሲናገርለት ይሰማል።

የራሳችንን የፊልም ሥራ ስናይ ደግሞ የሚያኰራ አለን። በ1957 ዓ.ም. ይኸውም አበበ በቶኪዮ ባሸነፈበት ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልም ተሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን አወጣ፤ ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ኀይሌ ገሪማ ደግሞ አብዮቱ በፈነዳበት ጊዜ በአገር ቤት በጥቁርና ነጭ ያነሣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1968 ዓ.ም. ለዓለም አሳየ። ስለ ባላገሩ ድካምና ስለ ባለ መሬቱ ግፍ የሚናገረው ይህ ፊልም በኋላ ታድሷል። የታደሰው ግን በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ባለ የፊልም ቤት ነው። ላደሱት ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፥ የኛን ገበሬ ታሪክ ከመጥፋት ለማዳን ባሕር መሻገር ማስፈለጉ ሊያሳስበን ይገባል።

በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም በኋላ ተዘግቷል። አንድ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ወንበርና ጠረጴዛው በዝርዝር ተቈጥሮ ርክክብ ይደረጋል። የፊልም ጥቅል ግን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያለ፥ በዐይን የማይነበብ ነገር ነውና ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ሲንከባለል ባለቤት ያጣል። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቶሆን የመሰለ ባለጸጋ ኩባንያ የገዛ ዘሩን ከበላ፥ ስሕተቱ የሁሉም አገር ነው። የሚለየን ከስሕተቱ በኋላ የምናደርገው ነው።

ደግሞም ችሎታው የለንም ማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም እንዲነሡ ሥራ ተጀምሮ፥ በብጥብጡ ዘመን እንኳ ሳይቋረጥ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ቅጂው ስለ ተቀመጠ፥ ዝነኛው ሊቅ ጌታቸው ኀይሌ ለብዙ ዓመታት ሊመረምሩትና ዝርዝሩን ሊጽፉለት ቻሉ። ዛሬም ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። ብራናው በቦታው፥ ቅጂው በሁለትና በሦስት ቦታ፥ ንባቡ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ለብራና የተቻለው ለፊልም የማይቻልበት ምክንያት የለም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ወመዘክርም አለን።

ከኛ ምን ይጠበቃል?

ይህን ገጽ የሚያነቡ ብዙዎቹ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች እንደ ሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ትልቁን ሥራ ለባለሥልጣን ትተን፥ በያንዳንዳችን እጅ ስላለው ትንሽ ነገር እንነጋገር።

አንደኛ፥ በመሥሪያ ቤትህ ዕቃ ግምጃ ቤት ዝገት የያዘው የፊልም ጣሳ፣ የቪዲዮ ካሴት ወይም የድምፅ ክር ብታገኝ፥ «አሮጌ ነው» ተብሎ እንዲወገድ በዝርዝሩ ላይ ከመፈረምህ በፊት ምን እንደ ሆነ ጠይቅ። ኔጋቲቭ ከሆነ ዘር መሆኑን አትርሳ። ጣሳው እንደ ሆምጣጤ የሚሸት ከሆነ ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጠው፤ ሳይውል ሳያድርም ወመዘክርን ለመሰለ ለሚመለከተው አካል አስታውቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሁለተኛ፥ ስም የሌለው ሥዕል ግማሽ ሥዕል ነው። ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ የሚያውቀው ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጠይቀህ ጻፍበት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ እርሳስና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፥ ወደ ዲጂታል የተገለበጠውን በአንድ ስልክ ብቻ አታስቀምጥ። አንዱን ቅጂ በቤትህ፣ ሁለተኛውን በሌላ ዕቃ፣ ሦስተኛውን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ አድርገው። በየጥቂቱ ዓመትም ከፍተህ መሥራቱን እይ። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነም ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ለሕዝብ አትልቀቀው፤ የባለመብቱን እንጀራ ነጥቆ ታሪክ ጠበቅሁ ማለት አይገባም።

ዝናቡ ሲያባራ ከሻይ ቤቱ ወጣን። ሽማግሌው መንገዱ አንድ ስለ ሆነ አብረን ተራመድን፤ ከተማሪዎቹ አንዱም ክንዳቸውን ይዞ ጭቃውን አሻገራቸው። በመንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤

«የልጄ ሠርግ በቪዲዮ ካሴት አለኝ። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዘመኑ ነው። ባለቤቴ እዚያ ውስጥ እስክስታ ትወርዳለች። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁትም። የጃፓን አውሬ ከሞት ከተነሣ፥ እርሷንስ ማየት ይቻል ይሆን?»

ተማሪው ከኔ ቀደመ። «ካሴቱ አለ፥ አባባ? አልተጣለም?»

«እንዴት ይጣላል! ከሣጥኑ ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥሁት።»

«እንግዲያው የሚገለብጥ ሰው አዲስ አበባ አለ። ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ» አላቸው።

ሽማግሌው ቆም ብለው ተማሪውን ትክ ብለው ተመለከቱት። «ትወስደዋለህ፤ ግን መልሰህ ታመጣልኛለህ» አሉት።

«አመጣለሁ፥ አባባ። አንዱን ቅጂ ለርስዎ፣ አንዱን ለልጅዎ፤ ዋናው ካሴት ግን እንደ ገና በነጠላው ይጠቀለላል።»

ይህ ልጅ ስለ ፊልም ማኅደር ማንም አላስተማረውም፤ ነገር ግን ዋናውን ሕግ በራሱ አገኘው። ሱካጋዋም የጀመረችው በዚሁ ዐይነት ሰው ይመስለኛል።